“ነፃው” ዊንዶውስ ስንት ያስወጣል?

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ሥርዓቱ ያደርግ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሥርዓቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ለተጨማሪ ጊዜ ያልተመዘገበ ኮምፒዩተር መድፈኛ አይላክለትም። በሥላሴ አካባቢ ይህን ዜና ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሰው ይበዛል። በካቴድራሉ ዙሪያ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ ኮምፒዩተር ዘርግተው ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሕይወት ታሪክ በመተየብ የሚተዳደሩ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በ2016 ዓ.ም ከተጀመረው የኮሪደር ልማት በኋላ ባሉበት የቀሩትም ሆኑ ዕቃቸውን ጭነው ሌላ ሰፈር የገቡት፣ የሚያሳስባቸው ብዙ ሌላ ነገር አለ፤ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ቀለም፣ ወረቀት። ማሽኑ ትናንት ሠርቷል፤ ዛሬም ጠዋት ሲያበሩት ተነስቷል። ታዲያ ምን ሆነ?

የሆነ ነገር አለ። ጉዳዩን ለማየት ግን አንድ የቆየ ጥያቄ ማንሳት ግድ ይላል፤ ይኸውም ለተራው የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ዊንዶውስ ይሻላል ወይስ ሊኑክስ የሚለው ነው። ጥያቄው በዩኒቨርሲቲ ልጆች ዘንድ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊዎች ክርክር ሆኗል፤ ጩኸቱ ብዙ፣ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ግን የለም።

የሊኑክስ ወገኖች መጀመሪያ የሚያነሱት ዋጋን ነው። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፣ ዊንዶውስ ግን ይሸጣል ይላሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ አባባል ክብደት አለው። እዚህ አገር ግን ገበያ አያወጣም። ለምን ቢባል፣ በእኛ ከተማ ዊንዶውስም በነፃ ነው።

ኩባንያው በአሜሪካ ለዊንዶውስ 11 የቤት ዓይነት ያስቀመጠው የመሸጫ ዋጋ 139 ዶላር፣ ለፕሮ ዓይነት ደግሞ 199 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 139 ዶላር 7,900 ብር አካባቢ ይሆናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላሩ 120 ብር ሲያልፍ ያው ፈቃድ ከ16,600 ብር በላይ ሆነ። የዘይት ዋጋ በዚህ ዓይነት ሲዘል አገር ይጮኻል። የዊንዶውስ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ግን በፒያሳ አንድ ሰው እንኳ “ኧረ ተወደደ” ሲል አልተሰማም። ያልተገዛ ዕቃ ቢወደድ ማን ይደነግጣል?

ዊንዶውስ ወደየቤቱ የሚገባው “ፎርማት” በሚባለው ልማድ በኩል ነው። ኮምፒዩተሩ ሲንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ሲገባው ባለቤቱ ወደ ቴክኒሻኑ ይዞት ይሄዳል፤ “ወንድሜ፣ ፎርማት አድርግልኝ” ይላል፤ ማታ መጥቶ ይወስዳል። ሲረከብ ዊንዶውሱ አለ፣ ዎርድና ኤክሴሉ አለ፣ ፎቶሾፑ አለ፣ ፓወር ግዕዙ አለ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነም ፒችትሪው አለ። የከፈለው የልጁን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ የዊንዶውስ እውነተኛ ወኪል ይህ ባለ ፍላሹ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ወኪል የለውም። አንድ ሰው ሊኑክስ አስጭኖ አንድ ነገር ቢጠፋበት ማን ጋ ይሄዳል? ሊኑክስ በገበያችን የተሸነፈው በዋጋ ሳይሆን በዚህ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ባለቤት ያለው ሥራ አድርጎ ይጠብቀዋል። አገራችን ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም ሲሆን፣ ወደዚያ ቤት የሚገባ አገር የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን ትቶ ሌላውን ብቻ መፈረም አይችልም። ሕጉ ኮፒ ቤት ደጃፍ መቼ ይደርሳል የሚለውን ለመተንበይ አልደፍርም። የዛሬው ኪሳራ ግን ሕጉን አልጠበቀም።

የ“ነፃው” ዕዳ

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የሚከፈልበት በሌላ መንገድ ነው። ክራክ የሚያደርገው መሣሪያ ሥራውን እንዲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ቫይረሱ መጥፋት አለበት። ዘበኛውን አስተኝቶ ለማይታወቅ ሰው በር መክፈት ማለት ነው። ቀጥሎ ቴክኒሻኑ ማሻሻያውን ይዘጋዋል፤ አንደኛ “ይህ ቅጂ ትክክለኛ አይደለም” የሚለው ማስጠንቀቂያ እንዳይመጣ፣ ሁለተኛ ዳታ እንዳይበላ። ስለዚህ ጥቅምት 4 ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት መድፈኛው የቀረበት ኮምፒዩተር በየቤቱ ሞልቷል። እንዲህ ላለው ማሽን የዊንዶውስ 10 ዕድሜ ያበቃው ፎርማት በተደረገበት ቀን ነው።

በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒዩተር እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ማይክሮሶፍት የቀዳዳውን መድፈኛ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ቫይረሱ ያጠቃው ይህን መድፈኛ ያላስገቡትን ማሽኖች ነው። ከነዚህም መካከል በገንዘባቸው ፈቃድ የገዙ ታላላቅ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች ነበሩ። ማሻሻያውን በራሱ ፈቃድ የዘጋው ሰው ምን ተስፋ አለው?

በኮፒ ቤት ከሁሉ የከፋው ግን የፍላሽ ቫይረስ ነው። ሥላሴ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ያለበት ሰፈር ነው። ካቴድራሉ የአርበኞችና የታላላቅ ሰዎች ማረፊያ ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም እንኳ በ1993 ዓ.ም በክብር ያረፈው እዚያው ነው። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ለሕዝብ መነበብ አለበት፤ ጽሑፉ ግን ረፋዱ ላይ ገና በፍላሽ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ ወደ ኮፒ ቤት ሮጦ ይገባል። “እህቴ፣ እባክሽ ቶሎ አውጪልኝ፤ ሃያ ኮፒ” ይላል። ልጅቷ ፍላሹን ስትከፍተው ወይ ፎልደሮቹ በሙሉ “ሾርትከት” ሆነዋል፣ ወይም ፋይሉ ተከፍቶ ከፊደል ይልቅ የሳጥን መዓት ይታያል። ሾርትከቱን ያመጣው ቫይረስ ነው። ሳጥኑን ያመጣው ግን ሌላ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ያው ፍላሽ ሊኑክስ ባለው ማሽን ላይ ሲሰካ፣ ቫይረሱ የደበቃቸው ፋይሎች ባሉበት ይታያሉ። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም ብድግ ብሎ ሥራ አይጀምርም። አንዳንድ የፒያሳ ቴክኒሻኖች ይህን ስለሚያውቁ፣ የታመመ ፍላሽ ሲመጣላቸው በሊኑክስ ከፍተው ፋይሉን ያድናሉ። የሚገርመው፣ ሐኪሙ የሚጠቀምበትን መድኃኒት ለበሽተኛው አለመስጠቱ ነው። እርግጥ ሊኑክስም የማይነካ ምሽግ አይደለም፤ የታመመው ፋይል እንዳለ ተገልብጦ ለደንበኛው ቢመለስም የደንበኛውን ዊንዶውስ መያዙ አይቀርም። ሆኖም በቀን ስንትና ስንት የሰው ፍላሽ ለሚሰካበት ማሽን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስታወቀው የግኑ ፕሮግራም ጋር ተዳብሎ፣ ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛውና እንዲለውጠው በሚፈቅድ ውል ይሰራጫል። እዚህ ላይ ማባዛት ስርቆት አይደለም፤ ውሉ ራሱ የሚፈቅደው ነው። ለተጠቃሚው የሚቀርበው በልዩ ልዩ ስም ተዘጋጅቶ ነው፤ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ ደቢያን። ከነዚህ ውስጥ ኡቡንቱን በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ባለ ሀብት ማርክ ሻትልዎርዝ ሲሆን፣ ድርጅቱ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር።

“እሱ ለእኛ ይከብደናል” የሚል ሰው ኪሱን ይፈትሽ። አንድሮይድ የሚባለው የስልክ ሥርዓት ከሥሩ ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የተሰኘው ድርጅት ወንጪ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት አንድሮይድ ያለባቸው ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተጠቀሙበት። ስለዚህ “ይከብዳል” የሚለው ነገር “አልለመድኩትም” ቢባል ይሻላል። አለመልመድ ግን ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ባለ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛዋ አዲስ ማውጫ እስክትለምድ ደንበኛ አቁሞ ሊያስጠብቅ አይችልም።

ያሰረን ፊደሉ ነው

አሁን ወደ ሳጥኖቹ ልመለስ። በእኔ እምነት ተጠቃሚውን ከዊንዶውስ ጋር ያቆራኘው ዊንዶውስ ራሱ አይደለም፤ የድሮው የአማርኛ አጻጻፍ ዘዴ ነው።

አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍ በተጀመረበት ዘመን ማሽኑ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር። ለአንድ የፊደል ስብስብ የነበረው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ ከዚያም ውስጥ ከፊሉ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ በዚያ ቦታ አይበቃም። ባለሙያዎቻችን መላ መቱ። አንዱ ፊደላቱን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠ፤ ሌላው ግዕዙን ጽፎ ቅጥያ እየለጠፈ ካዕብና ሣልሱን አወጣ። በዓይን የሚታየው “ሀ” ቢሆንም በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ምልክት ነው፤ “ሀ” የምትታየው ያ ፊደል በማሽኑ ላይ እስከተጫነ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ጥበብ ሊናቅ አይገባም። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባይኖሩ ኖሮ የአገሪቱ መሥሪያ ቤቶች፣ ጋዜጦችና ጽሕፈት ቤቶች ከታይፕራይተር ባልተላቀቁ ነበር።

ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ማሽን ሲከፈት ወይ የላቲን ዝባዝንኬ ወይም ሳጥን ይሆናል። የዚያ ቀብር የሕይወት ታሪክ የተጻፈው ቤት ባለው ኮምፒዩተር በአንዱ ፊደል ነው፤ ኮፒ ቤት ያለው ሌላው ነው። ሁለቱም ማሽኖች ዊንዶውስ ናቸው፤ መግባባት ግን አልቻሉም።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ለኢትዮጵያ ፊደል ቋሚ ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍትም በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለ ፊደል ከአማርኛ መክተቢያ ጋር ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የድሮው ዘዴ ሊቀር ይገባው ነበር። አልቀረም። ፓወር ግዕዝ ራሱ በኋላ ባወጣቸው ዓይነቶች የዩኒኮድ ፊደል አቅርቧል፤ ነገር ግን ጸሐፊዋ እጇ የለመደውን ትመርጣለች፣ አለቃዋም ደብዳቤው እንደ ድሮው ካልመሰለ ይቆጣል። በዚህ ምክንያት ዩኒኮድ የሚጽፍ ፕሮግራም ይዘው በአሮጌው ቁጥር የሚጽፉ ብዙ ናቸው።

ይህ ከሊኑክስ ጋር ምን አገናኘው? እነዚያ የድሮ መክተቢያዎች የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ፊደላቱን ሊኑክስ ላይ መጫን ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜም የተጻፈውን ያሳያሉ። መክተቢያው ግን አይነሳም። ስለዚህ የእድር ጸሐፊው የአባላት መዝገብ፣ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የጠበቃው የክስ ማመልከቻ፣ የሰበካ ጉባኤው ሪፖርት፣ የ20 ዓመት ሥራ ሁሉ በአንድ ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ “ከዊንዶውስ አልወጣም” ሲል የሚፈራው ዊንዶውስን ማጣት ሳይሆን ይህን መዝገብ ማጣት ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ባሉበት መቀመጥ አይደለም። ለምን ቢባል፣ ያ ፋይል ዊንዶውስ ላይም ዋስትና የለውም። ዛሬ ፎርማት ያደረገው ልጅ ፊደሉን በፍላሹ ይዟል፤ ነገ የሚመጣው ልጅ ላይይዘው ይችላል። ስልክ ላይ ጭራሽ አይከፈትም። ልጆቻችን ደግሞ አብዛኛውን ነገር የሚያነቡት በስልክ ነው።

ፋይልዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከጽሑፉ ሁለት መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ለዊንዶውስም፣ ለሊኑክስም፣ ለስልክም ይገዛል። ወደ ላቲን ዝባዝንኬ ከተለወጠ አሮጌው ነው። አሮጌውን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ከለወጡ በኋላ በሰው ዓይን ማረም ግድ ነው፤ በተለይ ቁጥሮችንና ዲቃላ ፊደላትን። የሕግ ሰነድ ከሆነ መሣሪያውን ከማመን እንደገና ማስተየብ ይሻላል እላለሁ። ለወትሮው ቀዝቀዝ በሚለው ክረምት ኮፒ ቤቶቻችን ይህን ሥራ አንድ የገቢ ምንጭ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ እስካሁን “ድሮ የተጻፈ ፋይል ወደ ዩኒኮድ እንለውጣለን” የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፎ ያየሁት የለም።

አማርኛን በዩኒኮድ ከባዶ ለሚጀምር ሰው ሊኑክስ ከዊንዶውስ አያንስም። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፊደላት በነፃ ይገኛሉ። ኪማን የተባለው መክተቢያ በሁለቱም ሥርዓቶች ላይ በነፃ ይሠራል፤ ከላቲኑ ገበታ “ኤስ” እና “ኢ”ን ሲነኩ “ሰ” ይወጣል። የዎርድና የኤክሴልን ሥራ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ ማውጫውን ሳይቀር በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። አማርኛው እዚህም እዚያም ትርጉም ትርጉም ይሸታል፤ ቢሆንም ይገባል።

ፒችትሪ ላይ ስንደርስ

ሊኑክስን ማወደስ እዚህ ላይ ይቆማል። የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ያነበበ ሰው “የፒችትሪ ዕውቀት ያለው” የሚለውን ሐረግ ያውቀዋል። ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቢለውጠውም እዚህ አገር ዛሬም ፒችትሪ ነው። የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ዋይን የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ መሣሪያ አለ፤ አንዳንዱን ያስኬዳል፣ ሌላው መንገድ ላይ ይቀራል። የደንበኛ የግብር ሒሳብ የያዘ ሰው በዚህ እንዲተማመን አልመክርም። ፎቶሾፕም እንዲሁ ነው፤ የሠርግ ካርድና የሙት ዓመት ባነር የሚሠራ ቤት ጊምፕና ኢንክስኬፕ የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ቢሞክር አይጎዳም፣ ደንበኛ አምጥቶ የሚሰጠው ፋይል ግን የፎቶሾፕ ነው። አውቶካድ የሚጠቀም መሐንዲስን ማስቸገር አያስፈልግም፤ ባለበት ይቀመጥ።

ሌላው ሰበብ የገጽ መዛነፍ ነው። በዎርድ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ሠንጠረዡ ሊንሸራተት፣ የገጽ ቁጥሩ ሊዘል ይችላል። ከአራት ኪሎ ካምፓስ የሚመጣ ተማሪ ለአማካሪው ሊያስረክብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይህን አይወድም። በፒዲኤፍ ለመጣ ሥራ ግን ሥርዓቱ የትኛውም ቢሆን የገጹ አቀማመጥ አይነካም።

የትልልቆቹ ልምድም ይህንኑ ያሳያል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወስና እስከ 2013 ድረስ 15,000 የሚጠጉ የማዘጋጃ ቤት ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊኑክስ አዛወረች፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ፋይል መለዋወጡ፣ የለመዱት ፕሮግራም መጥፋቱና የሠራተኛው ቅሬታ ከፖለቲካው ጋር ተደማምሮ ነው። በአንጻሩ የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ ከ2008 ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ወደ ኡቡንቱ አዛውሮ በዚያው ጸንቷል። ዣንዳርመሪው መጀመሪያ የለወጠው የጽሑፍ ፕሮግራሙን ነበር፤ ሰዉ ኦፕንኦፊስን ዊንዶውስ ላይ እያለ ከለመደ በኋላ ከሥር ያለው ሥርዓት ተለወጠ። ለእኛም የሚበጀው ቅደም ተከተል ይኸው ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ፕሮግራሙ፣ ሥርዓቱ በመጨረሻ።

ጊዜው ግን እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ማሽኖች በአመዛኙ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄነሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። በከተማችን ያገለገለ ተብሎ የሚሸጠው ሦስተኛና አራተኛ ጄነሬሽን ማሽን ከዚህ በታች ነው። ቴክኒሻኑ ክልከላውን ዘሎ ይጭነዋል፤ ይችልበታል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለው ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ግዴታ አልገባም። አዲስ ማሽን ልግዛ ቢባል ዋጋው የዶላር ጥገኛ ነው። ኩባንያው ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥበቃ ያስታወቀው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚዘልቅ ሲሆን፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍተው ለሚመዘገቡ በነፃ የሚገኝበት መንገድም ነበረው፤ አለበለዚያ 30 ዶላር ነው። 30 ዶላር በኢንተርኔት ለመክፈል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያለው ስንቱ ነው?

ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይነሳል፤ በ4 ጊጋባይት በደህና ይሠራል፤ ዲስክ 20 ጊጋባይት ይበቃዋል። ይህ ማለት ዊንዶውስ 11 የናቀው ማሽን ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ኢንተርኔት ለመክፈት፣ ቴሌግራም ለማየትና ፍላሽ ለመቀበል ገና ዓመታት ያገለግላል ማለት ነው። ሦስት ማሽን ያለው ኮፒ ቤት አንዱን ለፎቶሾፕና ለድሮው ፊደል በዊንዶውስ አስቀምጦ፣ የሰው ፍላሽም ሆነ ኢንተርኔት እንዳይነካው አድርጎ፣ ሁለቱን ወደ ሊኑክስ ቢያዛውር በበኩሌ የሚከስር አይመስለኝም። ተማሪ ላለበት ቤተሰብም እንዲሁ ነው። የሒሳብ ቢሮ ከሆነ ግን ፈቃዱን ገዝቶ ዊንዶውስ ላይ ይቆይ፤ ገንዘብ በሚያገኙበት መሣሪያ ላይ ገንዘብ ማውጣት ያለ ነው።

ለመሞከር ዊንዶውሱን ማጥፋት አያስፈልግም። ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተጫነበት ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ ዲስኩ አይነካም። ከፍላሹ ስለሚሠራ ትንሽ ይንቀራፈፋል፤ በዚያ አይፍረዱ። የራስዎን ሁለት የአማርኛ ፋይሎች ይክፈቱ፤ ዋይፋዩ መያዙን ይዩ፤ ከሁሉ በላይ በራስዎ ማተሚያ አንድ ገጽ ያውጡ። የኤችፒ ማተሚያዎች በአብዛኛው ወዲያው ይሠራሉ፤ ከካኖን አነስተኛ ሌዘሮች አንዳንዶቹ ያስቸግራሉ፣ ለነርሱም አሠሪ ፕሮግራሙን ፈልጎ የሚጭን ሰው ያስፈልጋል። ማተሚያው እምቢ ካለ ፍላሹን ነቅሎ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው፤ ዊንዶውሱ እንደነበረ ይጠብቃል።